ቀኑን የሚጠይቀው ማሽን

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝና እውነቱን ነገርኩት። ሽማግሌ ነኝ፤ ቀን የጠየቀኝን ሰው አልዋሽም። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት መሆኑን ሳይቀር አስተካክዬ ሞላሁለት። ከዚያ ሥራውን እንዲጀምር አዘዝኩትና እጄን አጣጥፌ እስከ ምሳ ድረስ ፊቱ ተቀመጥኩ። እሱም እስከ ምሳ ድረስ ያንኑ ነገር ሲጀምር፣ ሲተው፣ እንደገና ሲጀምር ዋለ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ማዕድ ላይ ነው፤ ጉርሻው አፌ ውስጥ እንዳለ ማኘክ አቆምኩ። ባለቤቴ አየችኝና፣ «ደግሞ ምን አጠፋህ?» አለች። ፊቴን ታውቀዋለች።

ስህተቱ አዲስ ቢሆን ባላፈርኩ ነበር። ይህንኑ ስህተት፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ለዚሁ ማሽን፣ አምናም ሠርቼዋለሁ። ያኔ የሰው ሰርግ ሊበላሽብኝ ነበር፤ ከዚያም ብሶ ለእኔው ለራሴ በቁሜ ሊለቀስልኝ ነበር።

መጀመሪያ ማሽኑን ላስተዋውቃችሁ። አጋሮ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ጽሕፈት ቤት የጆንያ ክብደት ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ሊሸልሙኝ ያሰቡት የግድግዳ ሰዓት ነበር አሉ። በዚያው ሰሞን ግን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገቡ። አሮጌውን የት እንደሚጥሉት ሲጨነቁ እኔ በበሩ ስወጣ አዩኝ። ሁለት አሮጌ ዕቃ በአንድ ሽኝት ተገላገሉ፤ ጭብጨባው የሞቀው ለዚህ ይመስለኛል። ማሽኑን ከነማተሚያው በቡና መኪና ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ሲያወርዱት አየችና፣ «ጣውንቴ ይህች ናት?» አለች። እስካሁን ስሙ እሱ ነው፤ አቧራ ስታራግፍለት እንኳ «ጣውንቴ፣ ዞር በይ» ትለዋለች።

ጣውንቲቱ ሆደ ትልቅ ናት፤ ስክሪኗ ወደ ኋላ ተንዘርጥጦ ግማሽ ጠረጴዛ ይይዛል። መደቡ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ ነው። ቁልፎቿ ሲጫኗቸው የፈረስ ኮቴ ይመስል ቋ፣ ቋ ይላሉ። የማስታወስ ችሎታዋ ከእኔ የባሰ ነው፤ በዘንድሮ ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ቢሰጧት ታንቃ ትቀራለች። ውስጧ ያለችው ቀን ቆጣሪ ባትሪ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች፤ ስለዚህ በተነሳች ቁጥር ቀኑን እንድትጠይቀኝ አድርጌያታለሁ። እኔም ለዓመታት የምነግራት የእኛን አቆጣጠር ነው። የምኖረው በእሱ ነዋ። አንዳንዴ ትቃወመኛለች። ጥቅምት ሠላሳን አትቀበልም፤ በእሷ አገር ሁለተኛው ወር እዚያ አይደርስም። ያን ቀን ተስማምተን ሃያ ስምንት ነው እንባባላለን። ጳጉሜን ከናካቴው አታውቃትም፤ ጳጉሜ ለሁለታችንም የዕረፍት ጊዜ ናት።

ይህ ሁሉ ማንንም አይጎዳም ነበር፤ ጎረቤቴ ሐጂ ባይመጣ።

ሐጂ ከአጥር ማዶ ያለ እኩያዬ ነው። ቤተሰቦቹ ጅማ ሲኖሩ ስንት ትውልድ እንደሆነ እሱም አይቆጥረውም፤ የእኔ ወላጆች ከሸዋ ሲመጡ መንገድ ያሳየናቸው እኛ ነን እያለ ይመጻደቅብኛል። ሥራው ታፔላ መጻፍ ነበር። ከሰቃ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከየቡ እስከ አጋሮ፣ የፋርማሲው፣ የጸጉር ቤቱ፣ የቡና መፈልፈያው፣ የሻይ ቤቱ ታፔላ ላይ የእሱ እጅ አለ። በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በዐረብኛም ይጽፋል፤ ፊደሎቹ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆኑ ሆዳቸውን ነፋ አድርገው ስለሚቆሙ ከሩቅ ይታወቃሉ።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበረው። የልጅ ልጆቹ ሲዳሩ ለእያንዳንዳቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስማቸውንና ዱዓ በገዛ እጁ ይጽፍላቸዋል። ሰሌዳው ሙሽራዋ በምትወጣበት የቤት በር ላይ ይሰቀላል፣ ከኒካው በኋላ ይዛው ትሄዳለች። ሁሉም የልጅ ልጆቹ በዚያ ሰሌዳ ሥር አልፈዋል፤ የቀረችው አንዲት፣ የመጨረሻዋ፣ አጋሮ ካለችው ልጁ የተወለደች ናት።

እሷ ልትዳር ሲቃረብ የሐጂ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሻይ አፈሰሰ፤ ሳቅንበት። ቀጥሎ «ፋ»ን ሊጽፍ ጀምሮ ሌላ ነገር ሆነችበት፤ ያኔ አልሳቅንም። ብሩሾቹን በጋዝ አጥቦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ቁም ሣጥን ላይ አወጣቸው። ልጁ ከአጋሮ ደውላ፣ አባ አትጨነቅ፣ ባነር አሳትመናል፣ ዘንድሮ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው አለችው። እሺ ብሎ ዘጋው። ሐጂ በሕይወቱ ሳይከራከር እሺ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ፕላስቲክ» አለኝ። «የልጅ ልጄ በፕላስቲክ ሥር አልፋ ልትዳር ነው።»

እኔ ሰው ሲያዝን ዝም ማለት አልችልም፤ ወይ እቀልዳለሁ ወይ ያልቻልኩትን ቃል እገባለሁ። ያን ቀን ሁለቱንም አደረግኩ። ቤት ገብቼ መጋዘን ሳለሁ የሠራሁትን አንድ አሮጌ ወረቀት አመጣሁለት። በዚያን ጊዜ በዓል ሲመጣ ኤክስ የምትባለውን ፊደል ደጋግመን እየመታን፣ ኤክሶቹን በመደዳ እየደረደርን፣ ከሩቅ የሚነበብ ትልቅ «እንኳን አደረሳችሁ» እንሠራ ነበር። ማሽኑ አማርኛ ባያውቅም በኤክስ ክምር አማርኛ ይጻፍበታል። ሐጂ ወረቀቱን ዘርግቶ ራቅ አድርጎ አየው።

«ይህን የጻፈው ሰካራም ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ» አለና ወረቀቱን ሳይመልስልኝ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። በስልክ ሞክሮ ነበር አሉ፤ መስታወቱ የነካውንም ያልነካውንም ይጽፍበታል። የጣውንቲቱ ቁልፎች ግን ጠንካሮች ናቸው፣ ካልተጫኗቸው አይሰሙም። ችግሩ ሌላ ሆነ። ሐጂ አንዴ ሲጫን ጣቱ እዚያው ላይ ስለሚርገበገብ አንዷ ኤክስ መንጋ ሆና ትመጣለች። ያለኝ መጻፊያ ፕሮግራም ደግሞ ለአዲስ ማሽን የተሠራ፣ ከባድ ነው፤ የተመታው ፊደል ወዲያው አይታይም። አልመጣም ብሎ እንደገና ይመታል፤ ትንሽ ቆይቶ የዘገዩት ሁሉ እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ ተያይዘው ይገባሉ። መሥመሩ ሞልቶ ፈሰሰ። ሐጂ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና በሌላው እጁ ያዘው።

ያኔ ነው የፎከርኩት። ለዚህ ማሽን የሚቀል፣ ለአንተ ጣት የተለካ መጻፊያ ፕሮግራም እኔ ራሴ እሠራልሃለሁ አልኩት።

«አንተ? የጓሮህን በር ማጠፊያ መግጠም አቅቶህ በገመድ ያሰርከው?»

«እሱ ብረት ነው። ይህ ጽሑፍ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ከባዶ አልሠራሁም። ሰዎች ሠርተው ለማንም የሚሰጡት መጻፊያ አለ፤ ካልተፈለፈለው፣ ከነገለባው፣ ሶርስ ኮድ ከሚሉት ጋር ይሰጡታል። ጅማ ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ሶርስ ኮድ ማለት ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው። የተዘጋጀ ፕሮግራም ስትወስድ የተቆላ ቡና እንደ መግዛት ነው፣ ሌላ ሰው እንደወደደው ተቆልቷል። ጀንፈሉን ከወሰድክ ግን አንተው ትለቅማለህ፣ አንተው ትፈለፍላለህ። ኪቶ ፉርዲሳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀንፈሌን አስጭኜ መጣሁ።

ለቀማው ሲጀመር ሐጂ አጠገቤ ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ከመፈልፈሉ በፊት የትኛው ነገር ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚል ምርጫ አለው። አሮጌ ማሽን ሆዷ ጠባብ ስለሆነ ያልተቀነሰላት ሁሉ ይከብዳታል። አንድ በአንድ አነበብኩለት። ፊደሉን በቀለም የሚያስጌጥ ይኑር? ሐጂ የለም አለ። ማውስ? የለም። ብዙ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ መክፈቻ? አንዱን በቻልኩት። የተሳሳተ ቃል የሚያርም? እዚህ ላይ ቀና አለ፤ ከሰቃ እስከ ሊሙ ማንም አርሞኝ አያውቅም አለ። ግራ ለገባው ሰው የእርዳታ ገጽ?

«አንተ አለህ አይደል?» አለ። «ሰርዘው።»

ይህን ከሰረዝን በኋላ የቀረው ፊደል መምቻና ማስቀመጫ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ በራሴ እጅ ጥቂት መሥመር ጨመርኩበት፤ ያው ቁልፍ ወዲያው ተከትሎ ከተመታ እንዳላየህ እለፈው የሚል ትእዛዝ። ይህን ጽፌ ስጨርስ ደረቴን ነፍቼ ጓሮ ወጣሁና በገመድ የታሰረውን በር በንቀት አየሁት።

ቀጥሎ መፈልፈል ነው፤ የተጻፈውን ማሽኗ ወደምትሠራበት ፕሮግራም መለወጥ። አሮጌ ማሽን ላይ ይህ ረጅም ሥራ ነው፤ መብራት መቋረጥ የለበትም። የእኛ መንገድ ላይ ግን ብየዳ ቤት አለ። በያጁ ብረቱን በነካ ቁጥር የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል፤ ጣውንቲቱም ሞታ ትነሳና ቀኑ ስንት ነው ትለኛለች። በሞከርኩ ቁጥር እሱ በየደ፣ እሷ ሞተች፣ እኔ ቀን ነገርኳት። ሰርጉ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

በያጁ ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት ነው፤ ለአንድ የቡና ነጋዴ የግቢ በር እያጣደፉት ነበር። ሄጄ ኮምፒውተሬ ላይ የምሠራው ነገር እንዳለ፣ ሥራው እስኪያልቅ የግማሽ ቀን ጸጥታ እንደምፈልግ ነገርኩት። ለምን እንደሆነም ነገርኩት። የራሱን ታፔላ የጻፈለት ሐጂ ነው፤ ቀና ብሎ አየው።

«ለሐጂ ከሆነ፣ ጋሼ፣ ሐሙስ ከሰዓት ቁልፉን አልነካም» አለ። «ሌላውንም እኔ አስታግሥልዎታለሁ።»

ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ማሽኑን አስነሳሁ፣ ቀኑን ጠየቀኝ፣ የእኛን ቀን ነገርኩት፣ ፈልፍል ብዬ አዘዝኩት። ሐጂና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መፈልፈያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን ይመረምራል፤ እንዲህ ያለ ነገር አለህ ወይ፣ እንዲያ ያለስ፣ እያለ ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ይጽፋል። አለ፣ አለ፣ የለም፣ አለ። ሐጂ ሽምግልና የመጣ ሰው ይመስላል አለ፤ ዘር እየቆጠረ ነው፣ ማን ወለደህ፣ የማን ጎሣ ነህ እያለ። ወደድነው። ጥያቄው አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ።

«አሁን ጠይቆት አልነበረም?» አለ ሐጂ።

ጥንቃቄ ነው አልኩት። ጥሩ ፕሮግራም ሁለቴ ይጠይቃል።

ሦስተኛም ጠየቀ። ሐጂ ዐስር ሰላት ደርሶ መስጊድ ሄደ፤ ሰግዶ ሲመለስ ማሽኑ ያንኑ እየጠየቀ ነበር። እኔ ጥንቃቄ ነው ማለቴን ቀጥያለሁ፤ ድምፄ ግን እየቀነሰ ነበር። በዚህ መሀል አንድ እንግዳ ነገር ልብ አልኩ። መንገዱ ጭጭ ብሏል። ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል፣ ጥሩምባ ግን የለም። ከማዶ ያለው ወፍጮ ቆሟል። በርበሬ የሚወቅጥ የለም። ልጆች እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚሯሯጡት።

ያኔ አላወቅኩም እንጂ ነገሩ እንዲህ ነበር። በያጁ ማሽኑን የሚያስቸግረው የመብራቱ መርገብገብ ሳይሆን ድምፅ መስሎታል። ጸጥታ ስላልኩት ጸጥታ ሊሰጠኝ ወጣ። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መንገድ መሀል በርጩማ ላይ ተቀመጠና ላለፈው ሁሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ እያደረገ ወደ እኔ ቤት ማመልከት ጀመረ። ባጃጁን አስቆመ፣ ወፍጮ ቤቱን ለመነ፣ በርበሬ የምትወቅጠዋን ሴትዮ ሙቀጫዋን ራሱ ተሸክሞ ጓሮ አስገባላት። ለምን ለሚሉት አያብራራም፤ ራሱን እየነቀነቀ «ጋሼ ናቸው» ይላል።

ሰው ምን ይበል? ሽማግሌ ነኝ፣ ከጧት ጀምሮ አልታየሁም፣ ሐጂ ከመስጊድ ወደ እኔ ቤት ሲቸኩል ታይቷል። መጀመሪያ የመጡት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፍ ቆሙ። ቀጥሎ ሦስት መጡ። በመጨረሻ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ መጣ። ጥሩምባውን ከጀርባው ደብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልንፋው ወይስ ልቆይ ብሎ ባለቤቴን ጠየቃት።

«ቆይ» አለችው። «እስካሁን ተቀምጦ ጣውንቴን እያየ ነው።»

እሷ ይህን ስትል እኔ ውስጥ ላብ አጥምቆኝ ነበር። የስክሪኑን ታችኛ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ጥያቄው ከመደገሙ በፊት አንዲት መሥመር በጨረፍታ ታልፋለች፤ ማሽኑ የዚህ ፋይል ቀን ገና ያልደረሰ ቀን ነው ይላል። ለሐጂ ተረጎምኩለት።

«ገና አልተጻፈም ማለት ነው?» አለ።

«እንደሱ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ስንሰርዝ የዋልነው ምን ነበር?»

«ወደፊት የሚጻፈውን።»

ሐጂ አሰበበት። «ኤጋ፣ ሂሪያ ኮ፣ እንግዲህ ጓደኛዬ፣ ሰርጉ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው። እስኪጻፍ መጠበቅ አንችልም።»

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያልደረሰ ዕቃ ሸጦልኛል ብዬ መናደድ ጀመርኩ። ወደዚያው ልሄድ ተነስቼ ነበር፤ ልብ በሉ፣ ከመጪው ዓመት የመጣ ዕቃ ልመልስ ነው። ሙቀቱ ስለበረታብኝ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንስቼ ፊቴን ማራገብ ጀመርኩ። ሐጂ እጄን ያዘኝ፤ የልጅ ልጁ የሰርግ ካርድ ነበር፣ ለሰሌዳው ስሟን አስተካክሎ ለመቅዳት ያመጣው። ይቅርታ ብዬ ላስቀምጠው ስል ዓይኔ ቀኑ ላይ አረፈ። በእኛ አገር የሙስሊም ሰርግ ካርድ ላይ ቀን ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ በእኛ አቆጣጠር፣ በሂጅራ፣ በፈረንጅ። አንድ ቅዳሜ፣ ሦስት ዓመተ ምሕረት።

ቁጭ አልኩ።

መፈልፈያው የሚሠራበት ሕግ ቀላል ነው። ጀንፈሉ ከተፈለፈለው በቀን የሚቀድም ከሆነ ይቀጥላል። ጀንፈሉ በቀን የሚበልጥ ከሆነ ግን፣ ገበሬው አዲስ ቡና አመጣ ማለት ነው ብሎ ሁሉንም ትቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የእኔ ጀንፈል ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። ማሽኔ ደግሞ እኔ በነገርኳት መሠረት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታ፣ በእኛ ዘመን ትኖራለች። እሷ ዛሬ የፈለፈለችው ሁሉ ከጀንፈሉ ያረጀ ነው። ሠርታ ዞር ስትል አዲስ ቡና መጥቶ ይጠብቃታል። ብንተዋት ኖሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትጠይቅ፣ እኔም ጥንቃቄ ነው ስል፣ ሐጂም ሰግዶ ሲመለስ እንኖር ነበር።

ለሐጂ ይህን ስነግረው አልሳቀም። ካርዱን ከእጄ ወሰደና አቧራውን ጠረገለት። «ማሽኗ ምንም አላጠፋችም» አለ። «የነገርካትን ነው ያመነችው።»

ወጥቼ ለበያጁ መናገር ነበረብኝ። በሩን ስከፍት ደጃፌ ላይ የቆሙት ሴቶች ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን ወዲያው አስተካከለች፤ ሌላዋ ቅር ያላት መሰለኝ፣ ከሩቅ ነው የመጣችው። ጥሩምባ ነፊው ደህና ዋሉ ብሎኝ ጎንበስ ብሎ ሄደ። በያጁ ከበርጩማው ሳይነሳ ሙሉውን ሰማኝ፤ ችግሩ መብራቱ እንጂ ድምፁ እንዳልነበረ፣ ማሽኑም ከሰዓቱን ሙሉ ባለበት ሲዞር እንደዋለ፣ ጥፋቱም የእኔ ቀን እንደሆነ። ስጨርስ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና በሸሚዙ ጠረገው።

«ጋሼ፣ እኔ የግማሽ ቀን ጸጥታ ሰጥቼዎታለሁ» አለ። «እርስዎ ደግሞ የግማሽ ቀን ጫጫታ አለብዎት። ቀኑን እኔ እመርጣለሁ። ከሰዓት ሲተኙ መጥቼ መስኮትዎ ሥር እበይዳለሁ፤ አይቆጡኝም።»

አልቆጣም አልኩት። ከዚያ፣ ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ ደግሞ አልበይድም ብሎ ተነሳ። እኔም ገብቼ ለማሽኗ የፈረንጁን ቀን ነገርኳት። ጥያቄዋን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀች፣ ቀጠለች፣ ፈለፈለች፤ ብዙ ስለሰረዝንላት ሥራው ከፈራሁት አጠረ። በያጁ ሻዩን ጠጥቶ፣ ሌላ ሰው ጋር አውርቶ ሲመለስ አልቋል።

ሐጂ ጣቱን ኤክስ ላይ አሳረፈ። ጣቱ እላዩ ላይ ተርገበገበ፤ ስክሪኑ ላይ የታየችው አንዲት ኤክስ ናት። ጠበቀ። ሌላ አልመጣም። ጎኗ ሁለተኛ ጨመረ።

«ቢስሚላህ ሳልል ጀመርኩ» አለና አጥፍቶ ከመጀመሪያው ጀመረ።

እስከ ረቡዕ ድረስ በየቀኑ እየመጣ ተቀመጠ። ግራ እጁ የቀኙን አንጓ ይይዛል፣ አንድ ጣት ይመታል። እኔ ኤክስ ስደረድር ግድግዳ ነበር የምሠራው፤ እሱ ሳለ። ፊደሎቹ ሆዳቸውን ነፍተው ቆሙ። የሙሽሪትን ስም በአማርኛ፣ ሥሩ ዱዓውን በአፋን ኦሮሞ፣ ዳሩን ዙሪያውን የቡና ቅርንጫፍ አደረገው፤ ፍሬዎቹን በኦ ሠራቸው። ማሽኑ ምን እንደተጻፈበት እስካሁን አያውቅም። አንዳንዴ በአንድ ምትና በሌላው መሀል ያዘዝኩት የመጠበቂያ ጊዜ ረዝሞበት ጣቱን ሆን ብሎ ሁለቴ ቢመታም ፕሮግራሙ ያልፈዋል፤ ናቀኝ ይልና ወደ እኔ ያያል። አሳጠርኩለት፤ ያኔ የፈረንጁን ቀን ግንባሬ ላይ ለጥፌ ነበር የምሠራው።

ልናትም ስንል ትዝ አለኝ። ማተሚያው በየወረቀቱ አናት ላይ ቀን የመጻፍ ልማድ አለው፤ ከመጋዘኑ ያመጣው ነው። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ቀኑን ሲጠይቀኝ የቅዳሜውን፣ የሰርጉን ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ነገርኩት። ገና ያልደረሰ ቀን ነበር፤ ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ማተሚያው እንደሚታረድ ፍየል እየጮኸ አወጣው። ድምፁ መንገድ ድረስ ተሰማ፤ የሐሙሶቹ ሴቶች እኔ አለመሞቴን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያመኑት ይባላል። ሐጂ ወረቀቶቹን አጋጥሞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለጠፋቸው፤ በያጁ የብረት ክፈፍ አበጀለት።

አጋሮ ስንደርስ ባነሩ የግቢው በር ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሎ ነበር፤ አበባ፣ ልብ፣ ርግብ፣ የሌለ ነገር የለውም። የሐጂ ልጅ ሰሌዳውን ከመኪናው ስናወርደው ቆማ አየችው። ስሙን አነበበች፣ ከዚያ ጠጋ ብላ ኤክሶቹን አየች፣ ከዚያ የአባቷን እጅ። ባነሩን እንዲያወርዱት ልትናገር ዞረች። ሐጂ ተዪው አላት፤ ሰው ደክሞበታል፣ ደጅ ይቁም። ሰሌዳው እንደ እህቶቿ ሰሌዳ የቤቱ በር ላይ ተሰቀለ። ሙሽሪት ስትወጣ ከሥሩ ቆም ብላ እጇን ዘርግታ ነካችውና አለፈች።

አንድ እንግዳ ሐጂን የት ማተሚያ ቤት እንዳሠራው ጠየቀው። ሐጂ ቀኝ እጁን አንስቶ አሳየው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ሰላምታ መስሎት ጨበጠው።

ዘንድሮ የሐጂ እጅ ብሶበታል። እሱ ግን አላረፈም፤ የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ በኤክስ ይጽፋል፣ ለዚህም መጠበቂያው መርዘም፣ ፕሮግራሙ እንደገና መፈልፈል ነበረበት። ትናንት ማታ በያጁ ዘንድ ሄጄ ዛሬን እስከ ምሳ ለመንኩት። ሰጠኝ። መንገዱን ዝም ማሰኘት እንደማያስፈልግ ደግሜ ነገርኩት፤ ገብቶታል፣ ባጃጆቹ እንደ ልባቸው ጮኹ። የቀረው እኔ አንዲት ቀን አስተካክዬ መናገር ብቻ ነበር።

ከምሳ በኋላ ወጣሁ። በያጁ ያጠፋውን የብየዳ ማሽኑን ተደግፎ ገና ከሩቅ ፊቴን አየው።

«የእኛን ነገሯት?»

«የእኛን ነገርኳት።»

ራሱን ነቀነቀና መነጽሩን አጠለቀ። በአምናው ግማሽ ቀን ላይ የዛሬው ሲደመር ሙሉ ቀን ጫጫታ አለብኝ ማለት ነው። አንዱንም እስካሁን አልተቀበለኝም። ቀኑን እኔ እመርጣለሁ እንዳለ ዓመት አለፈው። በየቀኑ ከሰዓት ጋደም እላለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ መስኮቴ ሥር ብረት እስኪነካ እጠብቃለሁ። ሰፈሩ ጭጭ ይላል። እንቅልፍ ከየት ይምጣ።